ሁለቴ የተባዛው ቁጥር

«ስንት ልጨምርበት?» አልኳት፤ እግሯ ሥር ተንበርክኬ፣ ስፒሌን በጥርሴ እንደያዝኩ።

«አሥራ ስድስት።»

«አሥራ ስድስት ሴንቲ? አንቺ ልጅ፣ በቀሚስሽ መንገድ ልትጠርጊልን ነው እንዴ?»

«አሥራ ስድስት ብቻ ነበር መጨመር የነበረበት» አለች፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ተተክሏል። «እሱ ሠላሳ ስድስት ጨመረ።»

«ማን? ይሄን ቀሚስ ከእኔ ሌላ ማን ነካው?»

ቀና ስል እንባዋ በአገጯ ወርዶ ጨርቁ ላይ ጠብ ይላል። የምናወራው ለየቅል መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ስፒሉን ከአፌ አወጣሁና፣ «ይሄ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል፤ ካለቀስሽም ወደ መስኮቱ ዞረሽ አልቅሺ» አልኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን እውነትም ወደ መስኮቱ ዞራ አለቀሰች።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። እኔና እሷን የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እናቷ ከሞተች ቆየች፤ ከአባቷ ጋር ሁለት ክፍል ውስጥ ትኖራለች። አባቷ የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ጥበቃ ነው። እሷም በዚያው በር ገብታ እዚያው ትሠራለች፤ አባት በር ይከፍታል፣ ልጅ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የሰው ቆዳ ሴል ትቆጥራለች። እኔ «ቆጣሪዋ» ነው የምላት። መጀመሪያ ሥራዋን ስትነግረኝ «የሚቆጠር ነገር ጠፍቶ ነው?» ብያት ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች።

የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ ነገሩን ያስረዳችኝ በአዝራር ነው። ሰው ሲቃጠል፣ ከጤነኛው ገላው ቴምብር የሚያህል ቆዳ ይቆረጣል። ያቺ ቁራጭ ተበትና ሴሎቿ ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ በጆግ ውሃ ውስጥ እንደ ተበተነ አዝራር ማለት ነው። ተቆጥረው፣ በልኩ ቀጥነው፣ ሳህን ላይ ይዘራሉ። ተያይዘው እንደ ስስ ጨርቅ ሲሆኑ ቁስሉ ላይ ይለጠፋሉ። ከልኩ በላይ ከወፈሩ ይተፋፈናሉ። ከቀጠኑ ደግሞ አንዱ ሌላውን ማግኘት ያቅተውና ሳይያያዙ ይሞታሉ።

«ልኩ በአንድ ሚሊ ሊትር ሁለት መቶ ሺህ ሴል ነው» አለችኝ አፍንጫዋን እየጠረገች፤ ኖራዬን አንስታ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ጻፈች። «በእጃችን የነበረው አራት ሚሊ። በእያንዳንዱ ሚሊ ውስጥ አንድ ሚሊዮን። አራት ጊዜ አንድ ሚሊዮን፣ አራት ሚሊዮን። ለሁለት መቶ ሺህ ስታካፍይው?»

«ሃያ።» ከአንድ ጣቃ ስንት ቀሚስ እንደሚወጣ የምታሰላ ሴት ይሄ አያቅታትም።

«ስለዚህ ሃያ ሚሊ መድረስ አለበት። አራቱ እጃችን ላይ ስላለ፣ የሚጨመረው አሥራ ስድስት።»

«ታዲያ ሠላሳ ስድስቱ ከየት መጣ?»

ከቀለሙ ነው የመጣው። የሞተውን ሴል ከሕያው ለመለየት፣ ለአንድ ጠብታ ሴል እኩል አንድ ጠብታ ሰማያዊ ቀለም ይቀላቀላል፤ የሞተው ይሰማይላል፣ ሕያው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ግን ቀለሙ ራሱ አቅጥኖታልና፣ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ቁጥር የእውነተኛው ግማሽ ነው። ስለዚህ በሁለት ይባዛል። የላቦራቶሪው ደንብ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፦ ቆጣሪው ዓይኑ ያየውን ብቻ ይጽፋል፤ የሚያቀጥነው ሰው ራሱ አይቶ ይፈርምና፣ እሱው ያባዛል።

«ያየሽው ስንት ነበር?»

«አምስት መቶ ሺህ። እሱ ግን እናቱ አልጋ አጠገብ ሦስት ቀን ከርሞ ነው የመጣው። ዓይኑ ቀልቷል። ማባዛቱን ይረሳል ብዬ ፈራሁ፤ አባዝቼ አንድ ሚሊዮን ብዬ ጻፍኩለት።»

«እሱስ?»

ኖራውን አስቀመጠችና የጣቷን ዱቄት በጨርቁ ጫፍ ጠረገች።

«እሱ አልረሳም» አለች።

ከዚያ በኋላ አላየችኝም። እኔም ስፒሎቹን ከቀሚሱ ላይ አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ።

*

«እሱ» የምንለው ረዥሙ ነው። ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ በሬን ጎንበስ ሳይል አይገባም። ላቦራቶሪው ውስጥ የሚያቀጥነው እሱ ነው፤ ዶክተር ይሉታል። ቆጣሪዋን ከወደዳት ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ አዝራሩ የወለቀ ካፖርት ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ዓይኑ ግን ካፖርቱ ላይ አይደለም፤ መስኮቴን አልፎ ጎረቤት በር ላይ ነው። አንድ ቀን «ልጄ፣ አዝራር በራሱ ሲወልቅ ክሩ ይላላል፤ ያንተ ግን በጥርስ ነው የተበጠሰው» ስለው ጆሮው ድረስ ቀላ።

እናቱ ግን ሌላ ሰው ናት። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምራ፣ በትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ጡረታ የወጣች፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ዛሬም ሲያያት ሲጋራውን ኪሱ ውስጥ የሚያጠፋላት ሴት። ልጇ ስለ ቆጣሪዋ ሲነግራት «የዘበኛ ልጅ» ብላ፣ ተመልሳ ጋዜጣዋን ማንበብ ቀጠለች አሉ። ከዚያ ወዲህ በእሷ ቤት ነገሩ አልተነሳም።

የወጥ ቤቷ ጋዝ ፈንድቶ ግራ ክንዷንና አንገቷን ያቃጠላት በዚሁ መሀል ነው። ከጭኗ ቆዳ ተቆርጦ ወደ ላቦራቶሪው ተላከ። ለእናቱ ሥራ እሱ መግባት አልነበረበትም ይላሉ የሚያውቁ፤ ግን ያንን ሥራ የሚችል ሌላ ሰው ላቦራቶሪው ውስጥ የለም። እንዲህ ሆኖ አራት ሚሊው የወይዘሮ ዳይሬክተር ቆዳ፣ በማትፈልጋት ልጅ እጅ ገባ።

ቆጣሪዋም «ድና የወጣች ቀን ሰላም ልላት እገባለሁ» ብላ ነበር ያን ቀሚስ ያዘዘችኝ።

ከተዘሩ በአራተኛው ቀን ሳህኖቹን ሲያዩ፣ ሴሎቹ አልያዙም። ተለያይተው፣ ጠውልገው፣ ፈሳሹ ላይ ይንሳፈፋሉ። ከቁራጩ የተረፈ ነገር የለም።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ሁለቱን አቆማቸው። «ደንቡን ጥሶ ያባዛ ማነው?» አለ።

«እኔ» አለች።

«በማይክሮስኮፕ ሁለተኛ አይቶ የፈረመስ?»

ረዥሙን አየችው። ረዥሙ ጫማውን አየ። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

«አይቷል» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።»

በዚያው ሰዓት ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ ተባለች። ከላቦራቶሪው የሚወጣ ሰው ሁሉ ደግሞ ቦርሳው በር ላይ ይፈተሻል። በር ላይ ያለው አባቷ ነው።

ይህን የነገረኝ አባቷ ራሱ ነው፤ የተቀደደ ኪሱን ሊያሰፋ መጥቶ። «እለፊ ልላት ነበር» አለኝ። «ኃላፊው ግን ደረጃው ላይ ቆሞ ያየኛል። ልጄም ቦርሳዋን ራሷ ከፍታ አቀረበችልኝ። ነጭ ጋዋኗ ተጣጥፎ አለ። የምሳ ዕቃዋ አለ። ጠዋት እኔ ነኝ የቋጠርኩላት፤ አልነካችውም። ዕቃውን አገላብጬ ‹ምንም የለም፣ ይለፉ› አልኩ። ‹ይለፉ› ነው ያልኳት፣ ለእንግዳ እንደሚባለው።»

«ምን አለችህ?»

«‹አመሰግናለሁ ጋሼ› አለችኝ። ከተወለደች ‹ጋሼ› ብላኝ አታውቅም።»

ኪሱን ሰፍቼ ሰጠሁት። እጁን ከተተና አወጣው፤ ደግሞ ከተተው። የሚያስቀምጥበት ነገር አልነበረውም።

*

ረዥሙ የመጣው እሷ በተባረረች በሰባተኛው ቀን ነው። ዝናብ ነበር። አዝራሩ ሙሉ ካፖርት ለብሶ ሳየው ነገሩ ከባድ መሆኑን አወቅኩ።

«ደብዳቤ ነው፤ ይስጡልኝ እትዬ። በሯን አትከፍትልኝም።»

ቆጣሪዋ በዚያ ሰዓት ከልብስ መለኪያ መጋረጃዬ ጀርባ ነበረች፤ ድምፁን እንደሰማች ነው የገባችው። መጋረጃዬ ደግሞ አጭር ነው። ከሥሩ ሁለት ጫማ ይታያል። ረዥሙም አየ። ወንበር ብሰጠው አልተቀመጠም፤ ጫማዎቹን እያየ ያወራ ጀመር።

«አፌን ከፍቼ ነበር። እኔ ከታገድኩ የእናቴን ሥራ የሚይዝ የለም ብዬ ነው የዘጋሁት።»

«እትዬ» አለ መጋረጃው፣ «ለሰውዬው ይንገሩልኝ፤ አፍ እንደ በር ተከፍቶ ብቻ ከተዘጋ ዘበኛ ያስፈልገዋል።»

«ዘበኛ ያስፈልግሃል ትላለች» አልኩት፤ ምን ላድርግ።

«የምትለው ሁሉ ይገባኛል። ግን ለእናቴ እሷ ካልነገረችልኝ ማን...»

«አባቴ ቦርሳዬን ሲፈትሽ የት እንደነበረ ይጠይቁልኝ።»

ይህን መድገም አላስፈለገም።

«መስኮት ላይ» አለ።

«አየ?»

«አየሁ።»

ጫማዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ረዥሙ ደብዳቤውን የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠ። ሲወጣ ጎንበስ ማለቱን ረስቶ ግንባሩን ከመቃኑ ጋር አጋጨ፤ እኔም ሳቄ ሳይሆን እንባዬ መጣ።

የሰው ደብዳቤ አላነብም። ግን ጮክ ብላ ስታነብ ጆሮዬን የት ልክተተው?

«ለቆጣሪዬ። እኩሌታው ጥፋት የእኔ ነው። ሁልጊዜ ካንቺ በኋላ ማይክሮስኮፑ ላይ ሳጎነብስ፣ አላምንሽም የምልሽ ይመስለኝ ጀምሮ ነበር። ያን ቀን ሳላይ ስፈርም፣ ላንቺ የሆነ ነገር የሰጠሁሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ ነው እናቴን የጎዳት። አሁን እንደገና እንዲቆረጥላት ያስፈልጋል፤ እሷ ግን አልፈርምም ብላለች። ‹የዘበኛው ልጅ በቂም አበላሸችው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሥጋዬን ለማንም አልሰጥም› ነው የምትለው። እስከ ዓርብ ካልተቆረጠ ቁስሉ ይመረቅዛል ብለዋል ሐኪሞቹ። ቂም አለመሆኑን እኔ ልነግራት ሦስት ጊዜ ሄጄ፣ ሦስት ጊዜ ስለ ምግቧ ጠይቄ ተመለስኩ።»

እርሳሴን ተቀብላ ከሥሩ ጻፈችበት፦ «ጥፋት ውሃ ሲጨመርበት አይቀጥንም። እኩሌታህን ለእኔ አትላክልኝ።»

ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፋ አጣጥፋ አዝራር አሳከለችው። «የሚያሳዝነኝ ምኑ እንደሆነ ታውቂያለሽ እትዬ?» አለችኝ። «በዚህች ዓለም ላይ ሳያይ የፈረመልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አብረን ሄድን። የሆስፒታሉ ኮሪደር የወለል ማጽጃ ሽታ አለው፤ ወለሉ በሰዉ እርጥብ ጫማ ጨቅይቷል። ቀሚሱን አልለበሰችም። «ደስ ብሎኝ የመጣሁ እንዳይመስላት» አለች።

ወይዘሮ ዳይሬክተር በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ግራ ክንዷ ከትከሻ እስከ አንጓ ነጭ ፋሻ ነው። ፊቷ ከስቷል፤ ዓይኗ ግን እንዳለ ነው፤ ስታየኝ ጥርሴን የፋቅኩ ስለመሆኔ ተጠራጠርኩ።

«እርስዎ ልብስ ሰፊዋ አይደሉ? ልብስ ያዘዝኩ አይመስለኝም።»

«እሷን ላደርስ ነው የመጣሁት።»

«መንገድ አታውቅም?»

«መንገዱንስ ታውቃለች። እግሯ ነው እምቢ ያለው።»

ቆጣሪዋ ወደ አልጋው ቀረበች። «ስሌቱን ላሳይዎት ነው የመጣሁት» አለች። «አይተውት ቂም ነው ካሉ፣ ቂም ነው።»

ዳይሬክተሯ በጤነኛ እጇ ከኮመዲኖው ላይ ያልተፈረመውን የፈቃድ ወረቀት አንስታ፣ ገልብጣ፣ ነጩን ጀርባ ሰጠቻት። «ጻፊ» አለች።

ቆጣሪዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደግፋ ጻፈች። አምስት መቶ ሺህ። ጊዜ ሁለት። አንድ ሚሊዮን። ከዚያ ከሥሩ፣ ደግሞ ጊዜ ሁለት። ሁለት ሚሊዮን። ጊዜ አራት፣ ስምንት ሚሊዮን። ሲካፈል ለሁለት መቶ ሺህ፣ አርባ። ሲቀነስ አራት፣ ሠላሳ ስድስት። ዳይሬክተሯ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያነቃነቀች ወረደች። ሲያልቅ ወደ ላይ ተመለሰች፤ ጣቷ ሁለተኛው «ጊዜ ሁለት» ላይ ቆመ።

«ስለዚህ የተዘራሁት በግማሽ ልክ ነው።»

«አዎ።»

«የመጀመሪያው ማባዛት ያንቺ ነው። ለምን አባዛሽ?»

«ይረሳል ብዬ ፈራሁ። በጣም ደክሞት ነበር። ሦስት ቀን እርስዎ ጋ...»

ዳይሬክተሯ ዓይኗን ወደ ፋሻው መለሰች።

«ይህ ሥራ ሁለተኛ ሰው አይቶ የሚፈርምበት አይደለም?»

«ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ያልጠየቅኩሽን አትመልሺ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንደዚህ የመለሰልኝ ተማሪ ሁሉ፣ ከጀርባው የሚደብቀው ጓደኛ ነበረው። ማነው የፈረመው?»

ቆጣሪዋ እስክሪብቶውን ከደነች። እኔ ምላሴን ነከስኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ወሬ ስቀጥል ኖሬ፣ የዚያን ቀን ዝም ማለት እንዲህ ያማል ብዬ አላስብም ነበር።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ረዥሙ ነው። በአንድ እጁ ፔርሙስ ይዟል፤ ግንባሩ ላይ የመቃኔ ምልክት ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። ስንት እንደሰማ አላውቅም።

«ሳላይ ፈረምኩ፣ እማዬ። ሲጠይቁኝም ዝም አልኩ። እሷ ከሥራ ስትባረርም ዝም አልኩ።»

እናቱ ወደ እሱ አልዞረችም። «ለምን ሳታይ?»

«የእጅ ጽሑፏን ስላየሁ።»

«የእጅ ጽሑፍ ሴል ይቆጥራል?»

«አይቆጥርም።» ፔርሙሱን መሬት አስቀመጠና ከቆጣሪዋ ጎን መጥቶ ቆመ፤ ሳይነካት፣ ግን እጅጌው እጅጌዋን ነክቶ። «እሷ ስላዘነችልኝ አባዛችልኝ። እኔ ስለማምናት አላየሁም። ቂም ቢኖር ኖሮ፣ እማዬ፣ ሁለታችንም እንጠነቀቅ ነበር። ስለተዋደድን ነው የተሳሳትነው።»

ቆጣሪዋ ቀና ብላ አየችው። ከተባረረችበት ቀን ወዲህ ፊቱን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ይቅርታ አልነበረበትም ያ እይታ፤ ይቅርታ ለማድረግ ገና ብዙ እንደሚቀራት የምታውቅ፣ ግን መንገዱን የጀመረች ሴት እይታ ነበር። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ውጪ ዝናቡ አሁንም ይዘንባል።

ዳይሬክተሯ ወረቀቱን መልሳ ገለበጠችው። የፊርማው መስመር ወደ ላይ ሆነ። ከቆጣሪዋ እጅ እስክሪብቶውን ወሰደች፤ ክዳኑን በጥርሷ ነቀለች፤ ግን ወዲያው አልፈረመችም። መጀመሪያ ልጇን፣ ቀጥላ ልጅቱን፣ በመጨረሻም ፋሻዋን አየች።

«ታዲያ ለመዋደድ» አለች፣ «የእኔ ቆዳ ነበር የቀራችሁ?»